ሁለት ረጅም፣ አንድ አጭር

ቬርዳ ኮልተርማን በሕይወቷ የሰረቀችው አንድ ነገር ብቻ ነው። እሱንም አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ሰርቃዋለች፤ ከእሑድ በስተቀር በየቀኑ፣ ረፋድ አራት ሰዓት ላይ።

አሰራረቋ እንዲህ ነው። የወጥ ቤቷ ግድግዳ ላይ ስልክ ተሰቅሏል፤ ከስልኩ አጠገብ ከእናቷ የወረሰችው ባለ ፔንዱለም ሰዓት አለ። አራት ሰዓት ሲሞላ ስልኩ ሁለት ረጅም፣ አንድ አጭር ይጮሃል። ይህ የእሷ ጥሪ አይደለም፤ የእሷ ሦስት አጭር ነው። በፕለም ሸለቆ መንገድ ላይ ያሉት ስምንት ቤቶች አንድ ሽቦ ነው ያላቸው። አንዱ ሲጠራ ስምንቱም ቤት ይጮሃል፤ ሰው የራሱን ጥሪ ለይቶ ያነሳል። የሌላውን ማንሳት ነውር ነው። ነውርነቱን ልጅ አዋቂው ያውቃል፣ ፓስተሩም ሁለት ጊዜ ሰብኮበታል። ታዲያ የማያነሳ ማን አለ? የአደባባይ ምስጢር ነው። ሰው የሚያፍረው በመስማቱ አይደለም፤ ሰምቶ በመታወቁ ነው።

ቬርዳ እጇን ትጠርጋለች፣ ፔንዱለሙን በጣቷ ይዛ ታቆማለች። ሰዓቱ ቀጭ ቀጭ ካለ በመስመሩ ይሰማላ! ከዚያ ማዳመጫውን እንቅልፍ የወሰደው ሕፃን እንደምታነሳ ቀስ አድርጋ ታነሳና የስልኩን አፍ በመዳፏ ግጥም አድርጋ ትይዛለች። ትንፋሽ እንኳ አያልፍም። አሥራ አምስት ደቂቃ እንዲህ ቆማ ትሰማለች።

የሚያወሩት ሁለት አሮጊቶች ናቸው። ደዋይዋ እትዬ ኦርፋ ሳንዳል፣ ባል ሳያገቡ አባታቸውን አስታመው የቀበሩ፣ ሁለት መቶ ዶሮ ይዘው በመንገዱ ጫፍ ብቻቸውን የሚኖሩ ሴት። ተቀባይዋ እትዬ ሁልዳ ብሩንኮ፣ ዓይናቸው የጠፋባቸው የድሮ አስተማሪ፤ ሁለት ረጅም፣ አንድ አጭር የእሳቸው ጥሪ ነው። እትዬ ኦርፋ ግጥም ይጽፋሉ፤ ለእትዬ ሁልዳ በስልክ ያነቡላቸዋል። በቃ፣ የተሰረቀው ይኸው ነው።

ሠላሳ ዓመት ጽፈዋል፤ ማን ያውቃቸዋል? አልፎ አልፎ ሩቅ ከተማ ያለች ቀጭን መጽሔት አንዲት ግጥም ታወጣላቸዋለች፤ የቀረው በሄደበት ፖስታ ይመለሳል። እንጀራቸው እንቁላል ነው። ምድር ቤታቸው ጨለማ ውስጥ ተቀምጠው እያንዳንዱን እንቁላል መብራት ፊት ያቆሙና ውስጡን ያዩታል፤ ንጹሑ ወደ ገበያ ይሄዳል፣ ደም ያለበት ይቀራል። ግጥሙም የሚመጣላቸው እዚያው ጨለማ ውስጥ ነው።

«ግጥምም እንደ እንቁላል ነው፣ ሁልዳ» አሉ አንድ ቀን። «መብራት ፊት አቆመዋለሁ። ነጥብ ያለበትን ለሰው አልሰጥም፤ ጠብሼ ራሴ እበላዋለሁ።»

ቬርዳ ሳቋ አፈትልኮ ሊያጋልጣት ሲል የእቃ መጥረጊያውን ጨርቅ አፏ ውስጥ ጎሰረችው።

መጀመሪያ ያነሳችው ግን ለስርቆት አልነበረም። ጦርነቱ ካበቃ ሁለተኛው ዓመት፣ ጥር ላይ ነው። ውጭ የተሰጣውን ልብስ ልታስገባ ወጥታ፣ በጦርነቱ የሞተው የወንድሟ ሸሚዝ ገመዱ ላይ በረዶ ሆኖ፣ እጁን ዘርግቶ ቆሞ አገኘችው። ባሏ ዱዊ ነው ለሥራ የሚለብሰው። እንደ እንጨት የደረቀውን ሸሚዝ አቅፋ ገባች፣ ጠረጴዛው ላይ አጋደመችው፣ ሱቅ ልትደውል ስልኩን አነሳች። መስመሩ ተይዟል። የእትዬ ኦርፋ ድምፅ እንዲህ ይል ነበር፦

«ልብሱ ገመዱ ላይ በረዶ ሆኖ ቆመ፤
የአባቴ ሸሚዝ እጁን ዘርግቷል።
አባቴ ከሞተ ሰባት ዓመቱ፤
ሸሚዙ ግን አሁንም ሊያቅፈኝ ይፈልጋል።»

ቬርዳ ስልኩን ሰቅላ መሬት ላይ ቁጭ አለች። የወንድሟ ሞት ከተነገራት ጀምሮ እንባ አሻፈረኝ ብሏት ነበር፤ የዚያን ዕለት እንደ ልጅ ተንሰቅስቃ አለቀሰች። ጉድ እኮ ነው! አንዲት ዶሮ አርቢ፣ ከዚህ ሁለት ማይል ርቀት ላይ ተቀምጣ፣ የእኔን ገመድ እንዴት አየችው? አለች በሆዷ። በማግስቱ አራት ሰዓት ላይ ሁለት ረጅም፣ አንድ አጭር ሲጮህ ፔንዱለሙን ያዘችው።

ከዚያ ወዲህ አንድም ቀን አላመለጣትም። ዱዊ ለምሳ ይገባል፣ ሰዓቱን ያያል፣ አሥራ አምስት ደቂቃ ወደፊት ይገፋዋል፣ ቁጭ ብሎ ይበላል። «አሮጌ ነው፣ ይዘገያል» ብላው ነበር አንዴ። እሱም «እህ» አለ።

አንድ ጊዜ ብቻ ልትጋለጥ ደርሳ ነበር፤ ያንንም ያመጣው ደግነቷ ነው። ከአራት ዓመት በፊት እትዬ ኦርፋ ለእትዬ ሁልዳ ብቻ «ኦማሃ ሆስፒታል ሄጄ ሆዴን ሊቀዱኝ ነው፣ ለማንም እንዳትናገሪ» አሉ። ቬርዳ ልቧ አልቻለም። የዶሮ ሾርባ ሠርታ ይዛ ሄደች። ማንም ታመዋል ላላላቸው ሴት ሾርባ! እትዬ ኦርፋ ሾርባውንም እሷንም አዩ፣ «ተባረኪ» ብለው ተቀበሉ። ወሬው ግን ወጣ። እሑድ የቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ሴቶቹ ከበው «ማን ነገረሽ?» ሲሏት ቬርዳ ደነገጠችና ጣቷን ጎረቤቷ ኢርማ ፖልማን ላይ ቀሰረች። «እሷ ናት! ጆሮ ጠቢ መሆኗን የማያውቅ አለ? እኔ የሰው ስልክ አንስቼ አላውቅም» አለች፣ እግዜርን ጠርታ።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ። ኢርማ ቀይ ሆና ሄደች፤ ስሟም ጆሮ ጠቢ ሆኖ ቀረ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁለቱ ሴቶች፣ አጥር ለአጥር እየተያዩ፣ ደህና አደርሽ ተባብለው አያውቁም። ረፋድ ላይ ግን ቬርዳ ስልኩን ባነሳች ቁጥር ወዲያው ሌላ ቀጭታ በመስመሩ ትሰማለች፤ ኢርማ ናት።

ባለፈው የካቲት እትዬ ሁልዳ ሞቱ። የቀብሩ ማግስት አራት ሰዓት ላይ ቬርዳ በዝምታው ውስጥ ቆማ ሳህን ስታጥብ ስልኩ ጮኸ። ሁለት ረጅም፣ አንድ አጭር። ሳህኑ ከእጇ ሊወድቅ! ባዶ ቤት ነው የሚደወለው። አነሳች። የሚመልስ የለም። እትዬ ኦርፋ ትንሽ ጠበቁ፣ እንደ ወትሮው «ዛሬ ብርዱ በረታ፣ በረዶውም አልቆመ» ብለው ስለ አየሩ ጥቂት አወሩ፣ ከዚያ አነበቡ፦

«ዶሮዋን ከእንቁላሏ ላይ አነሳኋት፤
ቀና ብላ አየችኝ፣ አልጮኸችም።
እኔም አንድ ቀን እንዲህ ስነሳ
ከሥሬ የሚሞቅ ነገር ይገኝ ይሆን?»

ሁለት ጊዜ አነበቡትና ዘጉ። በማግስቱም ደወሉ። በሳልስቱም። ቬርዳ «ሐዘን አዞራቸው፣ ምስኪን» አለች በሆዷ። ለማን ትናገር? ሰምታ አልሰማች።

ሰኔ ገባ። አንድ ሰኞ እትዬ ኦርፋ ግጥም ሳይሆን ደብዳቤ አነበቡ። ሊንከን ከተማ ያለ አንድ ትንሽ ማተሚያ ቤት ግጥሞቻቸውን በመጽሐፍ ሊያወጣ ፈቅዷል፤ ጽሑፉን እስከ ሐምሌ መጨረሻ ይላኩልን ይላል። ድምፃቸው እንደ ልጃገረድ ተንቀጠቀጠ። ቬርዳ ማዳመጫውን እንደያዘች እልል ልትል ምንም አልቀራት። ሠላሳ ዓመት!

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ሰማዩ አረንጓዴ ሆነ፤ የአውሎ ነፋስ ምልክት ነው። አውሎ ነፋሱ በመንገዱ ጫፍ በኩል ብቻ ነው የነካን፤ የነካው ግን የእትዬ ኦርፋን ቤት ነው። እሳቸው ምድር ቤት ወርደው ተረፉ። ሲወጡ ከላይ ጣራም ግድግዳም የለም፤ ምድጃው ብቻ ቆሟል። ግጥሞቹ የነበሩባቸው የጫማ ካርቶኖች ከነመደርደሪያቸው ሄደዋል። የስልኩም ምሰሶ ወደቀ።

በማግስቱ መንገዱ በሙሉ ድስቱንና ዳቦውን ይዞ እትዬ ኦርፋ ወዳረፉበት ወደ ፓስተሩ ቤት ተመመ።

«እንኳን ነፍስዎ ተረፈ፣ እትዬ ኦርፋ። ቤት እንጨት ነው» አለች ኢርማ።

«ልክ ነሽ፣ እንጨት ነው» አሉ እሳቸው።

«ዶሮ ይተካል» አለ ዱዊ።

«ይተካል።»

ቬርዳም ተራዋ ሲደርስ ስለ ምድጃው መትረፍ አወራች። እግዜር ይይላት! እዚያ ቤት የነበረው ሰው ሁሉ የጠፋው ምን እንደሆነ ያውቃል፤ ማንም ደግሞ እንዲያውቅ አይጠበቅም። ስለ ግጥሙ ያዘነ ሰው ግጥሙን የት ሰማኸው ይባላል። ዝም አይነቅዝም ብለው ሁሉም ስለ እንጨት አወሩ። አርቪድ ብቻ፣ ያ በዓመት አሥር ቃል የማይናገረው ወንደላጤ ጎረቤታችን፣ ከአጥሩ ሽቦ ላይ ያገኛትን አንዲት ወረቀት አምጥቶ እጃቸው ላይ አኖረላቸው። ዝናብ አጥቧታል፤ ባዶ ናት። እትዬ ኦርፋ ገልብጠው አዩዋት፣ አጣጥፈው ኪሳቸው ከተቷት።

እሑድ ዕለት ፓስተሩ ተናገረ፦ እትዬ ኦርፋ ኦሪገን ወዳለው የወንድማቸው ልጅ ሊሄዱ ነው፤ ባቡራቸው ቅዳሜ ነው። ከአገራችን የሚሄድ ሰው ስምንቱ ቤት ከየልብሱ በቆረጠው ጨርቅ የተሰፋ ብርድ ልብስ ይሰጠዋል፤ ስለዚህ ረቡዕ ሴቶች ለስፌት እንዲሰበሰቡ ተነገረ።

ቬርዳ እንቅልፍ አጣች። ማክሰኞ ጠዋት የቀን መቁጠሪያውን ገንጥላ በጀርባው የምታስታውሰውን መጻፍ ጀመረች። የሸሚዙን ጻፈች። የዶሮዋን ጻፈች። እየጻፈች ሄዳ ሄዳ አሥራ ዘጠኝ ደረሰች፤ አሥራ ዘጠኝ ግጥም በሆዷ ይዛ እንደኖረች አታውቅም ነበር። ግን ቀዳዳ በቀዳዳ ነው። ከጉድጓድ ውሃ ስለሚስበው የነፋስ መዘውር የሚለውን ግጥም ያዘችና ሦስተኛው መስመር ላይ ተሰወረባት። ወዲህ ብትል ወዲያ ብትል እምቢ አለ። የሚያውቀው ሰው ማን እንደሆነ ታውቃለች። አጥር ማዶ ልብስ እያሰጣች ነው።

«ሞቼ ነው የማልነግራት» አለች ጮክ ብላ። ቅዳሜ ደግሞ አራት ቀን ቀረው።

ረቡዕ ሴቶቹ፣ እትዬ ኦርፋ በሌሉበት፣ በቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት የብርድ ልብሱን መስፊያ ከበው ተቀመጡ። ጥቂት ወንዶችም ኬክ ሽተው ወርደዋል። ቬርዳ ቁራጯን ስታወጣ ያ የወንድሟ ሸሚዝ ነው። መርፌው ውስጥ ክር ማስገባት አቃታት። ብድግ አለች።

«አንድ ነገር ልናገር። የእትዬ ኦርፋን ስልክ አሥራ አንድ ዓመት ሰምቻለሁ።»

መርፌው ሁሉ ቆመ።

«የሾርባውም ጊዜ የሰማሁት እኔ ነኝ። ኢርማ አልነገረችኝም። ኢርማ፣ ዋሽቼብሻለሁ፤ በእግዜር ስም ዋሽቼብሻለሁ።»

ኢርማ ቀስ ብላ መነጽሯን አወለቀች። «አራት ዓመት!» አለች። «አራት ዓመት ሙሉ ጆሮ ጠቢ እየተባልኩ ሱቅ ስገባ ሰው ወሬውን ያቋርጣል። አንቺ ደግሞ ፊት ወንበር ላይ ተቀምጠሽ ትዘምሪያለሽ። አያሳፍርሽም?»

«ያሳፍረኛል። የፈለግሽውን በይኝ፣ ይገባኛል። ግን ሴትዮዋ ቅዳሜ ሊሄዱ ነው፣ ግጥሙ ደግሞ ያለው እኛ ጋ ነው። ስሙኝማ፦ ‹የነፋስ መዘውሩ ጮኸ፤ ዘይት ለመነኝ ብዬ ወጣሁ›...» ድምፅዋ ተቆረጠ። «ሦስተኛው ጠፋኝ። መጨረሻው ‹ለካስ ደስ ብሎት ነው› ነው። ሦስተኛው ጠፋኝ፣ ኢርማ።»

ኢርማ ዓይኗን ከጨርቁ አላነሳችም። ቬርዳ ልትቀመጥ ስትል ነው፦

«‹እግሬ ሥር መሬቱ ርሶ ነበር›» አለች ኢርማ። «ደግሞም ‹ጮኸ› አይደለም። መጋቢት ላይ ቀይረውታል። ‹አፏጨ› ነው።»

«አልቀየሩትም!» አለች ከማዶ የፓስተሩ ሚስት፣ አለችና አፏን ያዘች።

የፓስተሩ ሚስት! ፓስተሩ ወደ ጣራው አየ። ሳቁ ከየት እንደጀመረ አይታወቅም፤ ምድር ቤቱ በሙሉ እንባው እስኪፈስ ሳቀ። ከሳቁ በኋላ የመጣውን ግን እስከ ዛሬ ያየ ሰው አይረሳውም። አንዷ የጀመረችውን ሌላዋ ትቀጥላለች፣ ለዚያች የጎደለውን ይህቺ ትሞላለች፤ ስለ ጭጋጉ፣ ስለ ጥንቸሏ፣ ስለ ሁልዳ ዓይን። በምጥ ላይ ሆና የሰማችውን የምትል አለች፤ ባሏን በቀበረች በሳምንቱ የሰማችውን የምትል አለች። አርቪድ ከምድጃው አጠገብ ተነሳ። ኮፍያውን አወለቀና ያንን ስለ ታላቁ በረዶ የሚያወራውን ረጅሙን ግጥም፣ ሃምሳ መስመር ነው፣ አንዴም ሳይደናቀፍ ከዳር እስከ ዳር በቃሉ ወጣው። በአንድ ሽቦ የተንጠለጠሉ ስምንት ቤቶች፣ እርስ በርስ እየተደባበቁ፣ አንድ መጽሐፍ በልባቸው ተሸክመው ኖረዋል! ተንበርከኪ ተንበርከኪ አላት።

ወደ ቤት ሲመለሱ ዱዊ መኪናውን እየነዳ «እኔ ሰዓቱን አሥራ አንድ ዓመት የማስተካክለው ለምን ይመስልሻል?» አለ።

«ታውቅ ነበር?»

«ሰዓቱ አሮጌ ነው አልሽ፤ እሑድ እሑድ ግን ዘግይቶ አያውቅም።»

አርብ ረፋድ እትዬ ኦርፋ ሊሰናበቱ በየቤቱ ሲዞሩ ከቬርዳ ወጥ ቤት ደረሱ። ሴቶቹ፣ ኢርማም፣ ዱዊም፣ አርቪድም ቆመው አገኟቸው። ጠረጴዛው ላይ አንድ ደብተር አለ።

«ይሄ ምንድነው?»

«የእርስዎ ነው፣ እትዬ ኦርፋ። ሁላችንም ሰርቀንዎት ነበር» አለች ቬርዳ።

እሳቸው ተቀምጠው ገለጡ። እያንዳንዱ ገጽ በሌላ ሰው እጅ ተጽፏል፤ ስልሳ አንድ ግጥም። ገጽ በገጽ እያገላበጡ ሄዱ። አንድ ቦታ ጣታቸው ቆመ።

«ይቺ ቃል የእኔ አይደለችም።»

ኢርማ አንገቷን ደፋች።

«ግን ከእኔዋ ትሻላለች። ትቀመጥ።» ደብተሩን ዘጉና ቀና አሉ። «ሁልዳ ከሞተች በኋላ ስደውል፣ ለማን የምደውል መሰላችሁ?»

«ሐዘን መስሎን...» አለች ቬርዳ።

«ሐዘንማ ሐዘን ነበር። ባዶ ቤት ግን አልደወልኩም። ስልኩ በየቤቱ ሲነሳ የራሴ ድምፅ በጆሮዬ ይደክማል፤ ስለ አየሩ የማወራው እስኪደክም ነበር፤ ሰው ሁሉ እስኪገባ። አንቺ ደግሞ ቬርዳ፣ መጀመሪያ ቀን ሰዓትሽን ሰምቼዋለሁ። የእናትሽ ሰዓት ነው፣ ያነክሳል፣ የማላውቀው መሰለሽ? በማግስቱ ቀጭታው የለም። ‹ሰዓቷን አቆመችልኝ› አልኩ። ሰዓት ለሚያቆምልኝ ሰው ብዬ ስንቱን ጻፍኩ።»

«ታዲያ ለምን ይሄዳሉ?» አለች ቬርዳ፣ እንባዋ እየወረደ።

«ከነፋሱ በኋላ ሁላችሁም መጣችሁ። ሁላችሁም ስለ እንጨት አወራችሁ።» ድምፃቸው አነሰ። «ስለ ወረቀቱ አንድ ሰው አንድ ቃል አላለም። ለካ ማንም አልነበረም፣ ሰዓቱንም የፈጠርኩት እኔ ነኝ፣ ለሽቦ ነው ስተርክ የኖርኩት አልኩ። ከዚያ በኋላ እዚህ ምን ልሠራ?»

አርቪድ ኮፍያውን ያሽከረክራል። እትዬ ኦርፋ ከኪሳቸው ያቺን የታጠበች ወረቀት አወጡና ደብተሩ ውስጥ እንደ ምልክት አኖሯት።

«ዱዊ፣ ነገ ጣቢያ የምታደርሰኝን ነገር ተወው» አሉ። «ቬርዳ፣ በይ አንብቢልኝ። አንድ ቀን እንኳ እኔ ልስማ።»

ቬርዳ ደብተሩን ያዘች። አራት ሰዓት ሆኗል። በልማድ ተነሳችና እጇን ወደ ፔንዱለሙ ዘረጋች።

«ተይው» አሉ እትዬ ኦርፋ። «ይሂድ። ዛሬ የሚደበቅ ሰው የለም።»

ሰዓቱ እያነከሰ ቀጭ ቀጭ ሲል ቬርዳ ዶሮዋ ከእንቁላሏ ላይ የተነሳችበትን ግጥም ጀመረች። እትዬ ኦርፋም አፋቸውን በመዳፋቸው ግጥም አድርገው ይዘው ሰሙ፤ ትንፋሻቸው እንኳ አልተሰማም።